የቦዩ አፍ የማን ነው? አመዳይ ሲቀልጥ ስለሚመጣው የሰፈር ጎርፍ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የታላላቅ ከተሞችን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ አደባባዩና ስለ ድልድዩ፥ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ገበያው ነው። ከመንገዱ በታች ስለ ተቀበረው ቱቦ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለ ቱቦው አፍ፥ ማለት በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሥር ስለምትገኘው የብረት ፍርግርግ፥ የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም አንድ ሰፈር ከመጥለቅለቅ የሚድነው ወይም የማይድነው ብዙ ጊዜ በዚችው ትንሽ አፍ ምክንያት ነው።

የዚህ ጥናት ዓላማ በብርድ ወራት አመዳይ በሚወርድባቸው አገሮች፥ በተለይም በአሜሪካ በኒው ዮርክና በብሩክሊን፥ የቀለጠው ውሃ ሰፈሮችን እንዳያጥለቀልቅ ምን እንደ ተደረገ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ ከተማው ቱቦውን በሕዝብ ገንዘብ ከቀበረ በኋላ፥ የቱቦውን አፍ ከፍቶ የመጠበቅ ሥራ የማን ነው? የማዘጋጃ ቤቱ ነው ወይስ በደጁ የሚያልፈው የመንገዱ ባለ ቤት? ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ ታሪኩ የሚሰጠው መልስ ሁለቱም በየፊናቸው ሲሠሩ ሰፈሩ እንደሚድን፥ አንዱ በሌላው ሲያሳብብ ግን ውሃው ወደ ድኻው ምድር ቤት እንደሚገባ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላት ጥቂት መናገር ይገባል። በእኛ ቋንቋ በረዶ ሲባል በሰኔና በሐምሌ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር መሳዩም፥ በብርድ ረግቶ የጠነከረው ውሃም፥ በፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም ነው። እነዚህን ለመለየት ሲባል በዚህ ጽሑፍ እንደ ጥጥ የሚወርደው በመጽሐፍ ቅዱሳችን ስሙ አመዳይ ይባላል፤ ረግቶ የጠነከረው ደግሞ በረዶ ይባላል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ስንልም ከመንገድ ላይ የዝናብንና የአመዳይን ውሃ ተቀብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር የሚወስደውን ከመሬት በታች ያለ ቱቦ ከነአፉ ማለታችን ነው። ዓመተ ምሕረቱና ወሩም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

1ኛ. የውሃው ጠባይ

በዝናብ አገር ለኖረ ሰው የአመዳይ ጎርፍ እንግዳ ነገር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ወዲያው ይመጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጎርፉም ይጎድላል። አመዳይ ግን ውሃውን በአደራ የሚያስቀምጥ ነው። ዛሬ ይወርዳል፤ በጣራና በመንገድ፥ በግቢና በሜዳ ላይ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ከዚያ ፀሐይ በበረታችበት ወይም ሞቃት ዝናብ በወረደበት ቀን የተቀመጠውን ሁሉ አንድ ላይ ይለቃል።

የውሃው መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። እንደ አመዳዩ ዓይነት ቢለያይም፥ በግምት 10 ሳንቲ ሜትር አመዳይ ቢቀልጥ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይወጣዋል። እንግዲህ 50 ሳንቲ ሜትር አመዳይ በአንድ ሄክታር ሰፈር ላይ ቢወርድ፥ በውስጡ 500,000 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው። ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢሰፈር 2,500 በርሜል ይሞላል። እርጥበት የበዛበት አመዳይ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከዚህም ይበልጣል።

ይህ ውሃ ወደ መሬት መስረግ አይችልም፤ በብርድ ወራት አፈሩ ራሱ እንደ ድንጋይ የረጋ ነውና። ስለዚህ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም በመንገዱ ዳር እየፈሰሰ ወደ ቦዩ አፍ መግባት ነው። ነገር ግን ያ አፍ በዚያን ጊዜ ተሸፍኖ ይገኛል። በመጸው የረገፈው ቅጠል በፍርግርጉ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በላዩ አመዳይ ወርዷል፤ በዚህም ላይ መንገድ የሚጠርገው ማረሻ ከመካከለኛው መንገድ የገፋውን ሁሉ በጠርዙ ላይ ከምሮታል። አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 80 ካሎሪ ሙቀት ያስፈልጋልና ክምሩ በአንድ ቀን ፀሐይ አይጠፋም። በቀን ጥቂት ይቀልጣል፤ ሌሊት እንደ ገና ይረጋል፤ እንዲህ እያለ በፍርግርጉ ዙሪያ የበረዶ ግድብ ይሠራል። ሙቀቱ በበረታ ጊዜ ውሃው ወደ ግድቡ ይመጣል፤ መግቢያ ሲያጣ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ደጃፍና ምድር ቤት ይመለሳል። ከመሬት በታች ያለው ቱቦ ግን በዚያው ሰዓት ባዶ ሊሆን ይችላል። የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው፤ ሰፈሩ የሚጥለቀለቀው ሁልጊዜ ቱቦው ስለ ጠበበ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አፉ ስለ ተዘጋ ነው።

2ኛ. መሐንዲሶቹና ቱቦዎቻቸው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ላይ የአሜሪካ ከተሞች በፍጥነት አደጉ። ኒው ዮርክ በ1842 የክሮተንን ንጹሕ ውሃ ከሩቅ ቦታ በቦይ አስመጣች። ውሃ ሲገባ ደግሞ የሚወጣበት መንገድ አስፈለገ። የቺካጎ ከተማ በ1855 ኤሊስ ቼዝብሮ የተባለውን መሐንዲስ ቀጠረች። ቺካጎ ከሐይቁ ውሃ ብዙም ከፍ የማትል ረባዳ ስለ ሆነች፥ ቱቦ ቢቀበር ውሃው ወደ የት ይወርዳል የሚል ጥያቄ ተነሣ። መሐንዲሱ የመለሰው፥ ቱቦውን ወደ ታች መቅበር ካልተቻለ ከተማውን ወደ ላይ ማንሣት ይቻላል ብሎ ነው። ስለዚህ መንገዶቹ በአፈር ከፍ ተደረጉ፤ ታላላቅ የጡብ ቤቶች ሳይቀሩ በብዙ ክሪክ ተነሥተው አዲስ መሠረት ተሠራላቸው።

በዚያን ጊዜ ከኒው ዮርክ የተለየች ከተማ የነበረችው ብሩክሊን ደግሞ በ1857 ጁሊየስ አዳምስ የተባለውን መሐንዲስ ጠቅላላ የፍሳሽ ቱቦ ንድፍ እንዲያወጣላት አደረገች። እነዚህ ሥራዎች በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ከተማ ባጠቃላይ አስበው የተነደፉ ናቸው። ሁለቱም የተከተሉት የተጣመረ የሚባለውን ዘዴ ነው፤ ይኸውም የቤት ፍሳሽና የመንገድ ጎርፍ በአንድ ቱቦ የሚሄዱበት ነው። በየመንገዱ ጠርዝ አፍ ተከፈተ፤ ከአፉም በታች አሸዋና ቆሻሻ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ተቆፈረ። ጉድጓዱ ደለሉን እየያዘ ውሃውን ብቻ እንዲያሳልፍ የታሰበ ነው።

ይህ ጉድጓድ ካልተጠረገ እንደሚሞላ፥ ፍርግርጉም ካልተገለጠ እንደማይውጥ ግልጽ ነው። ቱቦው አንድ ጊዜ ከተሠራ ለመቶ ዓመት ያገለግላል፤ አፉ ግን በየሳምንቱ ሰው ይፈልጋል። መሐንዲሶቹ የመጀመሪያውን ሥራ በሚያስደንቅ ብልሃት ፈጸሙ። ሁለተኛው ሥራ የብልሃት ሳይሆን የትጋት ሥራ ነበርና ባለ ቤት አጣ።

3ኛ. የማረሻው ጣጣ

በዚሁ ዘመን በአመዳይ ላይ የሰዎች አሳብ ተለወጠ። ከዚያ በፊት አመዳይ በወረደ ጊዜ ሰዎች ከጋሪያቸው ላይ ጎማውን አውልቀው ተንሸራታች እንጨት ያደርጉ ነበርና አመዳዩ ተጠቅጥቆ እንዲቀመጥ እንጂ እንዲጠረግ አይፈልጉም ነበር። ነገር ግን ከተማው ሲያድግ ባለ ጎማ ሠረገላ በዓመት ሙሉ እንዲሄድ ተፈለገ። በ1862 በሚልዋኪ ከተማ ፈረስ የሚጎትተው የአመዳይ ማረሻ በመንገድ ላይ መሥራቱ ተመዝግቧል። ዘዴውም ወዲያው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ።

ማረሻው አንዱን ችግር ሲያቃልል ሌላ ወለደ። የመንገዱን መካከል ጠርጎ ሁሉንም ወደ ዳር ስለሚገፋው፥ ባለ ሱቆች ደጃፋችን ተዘጋ ብለው ጮኹ፤ እግረኞችም በክምሩ ላይ መውጣትና መውረድ ሰለቻቸው። ከተሞቹም ሰዎችና ጋሪዎች እየቀጠሩ ክምሩን ወደ ወንዝ ማስጣል ጀመሩ። በዚህ ክርክር ውስጥ የባለ ሱቁ ድምፅ ተሰማ፤ የባለ ሠረገላውም ድምፅ ተሰማ፤ የእግረኛውም በመጠኑ ተሰማ። ከክምሩ በታች የተቀበረው የቦይ አፍ ግን ድምፅ የለውም። ድምፁ የሚሰማው ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሃው በተመለሰ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ሰማዩን ነው።

4ኛ. የ1888 ዓመት ማዕበል

ማርች 11 ቀን 1888፥ እሑድ፥ በኒው ዮርክ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የሰነበተው አየርም ለወቅቱ ለስላሳ ነበር። ሌሊቱን ብርዱ በድንገት ወረደ፤ ዝናቡም ወደ አመዳይ ተለወጠ። ማዕበሉ ሲያበቃ በከተማው 53 ሳንቲ ሜትር ያህል አመዳይ ወርዶ ነበር፤ ነፋሱ የከመረው ቦታ ግን የቤቶችን መስኮት እስኪሸፍን የደረሰ ነበር። ባቡሮች ቆሙ፤ የቴሌግራፍ ሽቦዎች ተበጣጠሱ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም እኩሌታ ያህሉ በኒው ዮርክ ከተማ የነበሩ ናቸው። ታዋቂው የፖለቲካ ሰው ሮስኮ ኮንክሊንግ በዚያ አመዳይ ውስጥ በእግሩ ከሄደ በኋላ ታሞ በሚቀጥለው ወር ሞተ።

ታሪክ ጸሓፊዎች ከዚህ ማዕበል ሁለት ትምህርት እንደ ተገኘ ይናገራሉ። አንደኛው ሽቦዎች ከመሬት በታች እንዲቀበሩ መደረጉ ነው፤ ሁለተኛው ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር አስፈላጊ መሆኑ መታወቁ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከማዕበሉ በኋላ ስለ ሆነው ነገር የሚናገሩት በጥቂቱ ነው። የከተማው ሰዎች አመዳዩን በጋሪ ወደ ወንዝ ወሰዱ፤ በክምሩም ላይ እሳት እያነደዱ ለማቅለጥ ሞከሩ። ቀጥሎም ሙቀቱ ተመለሰ፤ አመዳዩ በአንድ ጊዜ ቀለጠ፤ ብርቱ ጎርፍም ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው ብሩክሊን ናት፤ የመሬቷ አቀማመጥ ለጎርፍ የተመቸ ነውና። በተለይ በጎዋነስ ዙሪያ ያለው ቦታ ቀድሞ ረግረግ የነበረ፥ ውሃው ከየኮረብታው የሚወርድበት ሥፍራ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ብሩክሊን ቱቦ የሌላት ከተማ አልነበረችም። በ1857 የተነደፈው ሥራ ከተጀመረ 30 ዓመት አልፎት ነበር። ከአሜሪካ ከተሞች ቀደም ብለው በንድፍ ቱቦ ከቀበሩት አንዷ የሆነች ከተማ በአመዳይ ውሃ መጥለቅለቋ፥ ቱቦ መቅበር ብቻውን መድኅን እንዳልሆነ ያስረዳል። አመዳዩ እስከ መስኮት ሲከመር ያልተሸፈነ የቦይ አፍ ነበር ብሎ ማሰብ አይቻልም። እሳት ማንደዱም ቢሆን ለውሃው መውጫ ሳያበጁ ውሃውን ማብዛት ነው።

5ኛ. ኮሎኔል ዋሪንግና ልጆቹ

የጥያቄያችን መልስ በጉልህ የታየው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በ1895 ከንቲባ ዊልያም ስትሮንግ ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግን የኒው ዮርክ የመንገድ ጽዳት ኀላፊ አድርጎ ሾመው። ዋሪንግ በ1833 የተወለደ፥ በሙያው የውሃ ማውረጃ መሐንዲስ ነበር። የሴንትራል ፓርክን ረግረግ ያደረቀ፥ በእርስ በርሱ ጦርነት የዘመተ፥ በ1878 ቢጫ ወባ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎችን በጨረሰባት በሜምፊስ ከተማ ደግሞ ከ1880 ጀምሮ አዲስ ቱቦ የነደፈ ሰው ነው። በሜምፊስ የሠራው ቱቦ የተለየ የሚባለው ነው፤ ይኸውም የቤቱን ፍሳሽ ብቻ ወስዶ የዝናቡን ውሃ የማያስገባ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ቱቦ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያውቅ ነበር።

ኒው ዮርክ ሲሾም ያገኘው ከተማ፥ በተለይ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በታችኛው ምሥራቅ ሰፈር፥ ጥራጊውና የፈረስ ፋንድያው ከአመዳዩ ጋር ተደባልቆ በመንገድ ላይ የሚከመርበት ነበር። ባለ ጋሪዎችም ፈረሳቸውን ፈትተው ጋሪያቸውን ሌሊቱን በመንገድ ዳር ስለሚተዉ መጥረጊያ ወደ ጠርዙ መድረስ አይችልም ነበር። ዋሪንግ በመጀመሪያ ጋሪዎቹን አስነሣ። ቀጥሎ ጠራጊዎቹን እንደ ወታደር አሰለፈ፤ ነጭ ልብስም አለበሳቸው። ቆሻሻ ለሚጠርግ ሰው ነጭ ልብስ ማልበስ ያስቃል ብለው ብዙዎች ዘበቱበት። ነጩ ልብስ ግን ሰውዬው ሥራ ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ከሩቅ ያሳይ ነበር፤ ለሥራውም ክብር ሰጠው። ሕዝቡም ነጫጭ ክንፎች ብሎ ጠራቸው። በ1896 በከተማው አደባባይ በሰልፍ ባለፉ ጊዜ ያላገጠባቸው ሕዝብ አጨበጨበላቸው።

ለእኛ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የልጆቹ ማኅበር ነው። ዋሪንግ በስደተኞቹ ሰፈር ያሉትን ልጆች በማኅበር አደራጀ፤ ምልክት ሰጣቸው፤ በመንገዳቸው ላይ የተዘጋውንና የቆሸሸውን እየተመለከቱ እንዲያስታውቁ፥ ለወላጆቻቸውም እንዲያስረዱ አደረገ። ከወላጆቹ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የማዘጋጃ ቤቱን ማስታወቂያ ማንበብም አይችሉም ነበር። ልጁ ግን ትምህርት ቤት የተማረውን ቋንቋ ወደ ቤት ይዞ ይገባል። እንግዲህ ዋሪንግ የደረሰበት አሳብ፥ ማዘጋጃ ቤቱ 2,000 ጠራጊ እንኳ ቢኖረው በየደጃፉ ዓይን ሊኖረው እንደማይችል ነው። የመንግሥቱን መጥረጊያ ከሰፈርተኛው ዓይን ጋር አገናኘ።

ሥራው ብዙ አልቆየም። የፖለቲካው ነፋስ ተለወጠና ዋሪንግ በ1897 መጨረሻ ከሹመቱ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት የከተማውን ጤና ለማጥናት ወደ ሃቫና ተልኮ ሄደ፤ በዚያ የያዘው ቢጫ ወባ በኦክቶበር 1898 ገደለው። እርሱ የተከለው ልማድ ግን በሙሉ አልጠፋም። በ1950 ኒው ዮርክ በተወሰኑ ቀናት መኪናዎች ከመንገዱ አንድ ወገን እንዲነሡና ጠራጊው ጠርዙን እንዲያገኝ የሚያደርገውን ደንብ ስታወጣ፥ የጀመረችው በዚያው በታችኛው ምሥራቅ ሰፈር ነው። ጋሪው በመኪና ተተካ እንጂ ችግሩ ያው ነበር።

6ኛ. መንገዱ ከንቲባ ሲጥል

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአመዳይ ጥረጋ ትልቅ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1969 በኒው ዮርክ 39 ሳንቲ ሜትር ያህል አመዳይ ወረደ፤ በኩዊንስ ያሉ ብዙ መንገዶች ለቀናት ሳይጠረጉ ቀሩ። በማዕበሉ ከሞቱት 42 ሰዎች እኩሌታው በኩዊንስ የነበሩ ናቸው። የኖቤል ተሸላሚው የተባበሩት መንግሥታት ባለሥልጣን ራልፍ በንች የኩዊንስ ነዋሪ ነበርና ለከንቲባ ጆን ሊንድሴ የወቀሳ ቴሌግራም ላከ። ከንቲባው ሰፈሩን ሊጎበኝ በሄደ ጊዜ ሕዝቡ ጮኸበት። በቺካጎ ደግሞ ከጃንዋሪ 1979 ማዕበል በኋላ ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በጄን በርን ተሸነፈ፤ የሽንፈቱም አንዱ ምክንያት አመዳዩ በሚገባ አለመጠረጉ ነው ይባላል።

ከዚህ የምንረዳው ከንቲባዎች ሁሉ የሚፈሩት የተዘጋ መንገድን መሆኑን ነው። ስለዚህ ማረሻና ጨው በየዓመቱ ይጨመራል። ይህ መልካም ነው፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ማለፍ አለበትና። ነገር ግን ማረሻው በፈጠነ ቁጥር በጠርዙ ላይ ያለው ክምር ይበልጣል። መንገዱ በመከፈቱ የተመሰገነው ማዘጋጃ ቤት፥ በዚያው ሥራ የቦዩን አፍ ዘግቶ ሊሄድ ይችላል። ኒው ዮርክ ብቻ ከ140,000 የሚበልጡ የቦይ አፎች አሏት። እነዚህን ሁሉ ከማዕበሉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሠራተኛ እጅ መቆፈር የሚቻል አይደለም። በከተማው ሕግ የቤት ባለቤት በደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ግዴታ አለበት፤ አመዳዩ በቀን ሲያቆም የሚሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው፤ የጠረገውንም ወደ መንገዱ እንዳይጥል ተከልክሏል። ስለ ቦዩ አፍ ግን ብዙ ከተሞች የሚለምኑ እንጂ የሚያስገድዱ አይደሉም።

የትጋትን ወሰንም ማወቅ ይገባል። በ1997 ጸደይ በሰሜን ዳኮታ በግራንድ ፎርክስ የቀይ ወንዝ ከ16 ሜትር በላይ ሞልቶ ከተማውን ባጥለቀለቀ ጊዜ፥ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጣ። ይህ የተራዘመ ብርድና እጅግ የበዛ አመዳይ ያመጣው የወንዝ ሙላት ነው፤ ይህን አካፋ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ግድብና ማስቀየሻ ቦይ ነው። በጃንዋሪ 1996 ደግሞ በፔንሲልቬንያና በአጎራባቾቿ ታላቅ አመዳይ በወረደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቃት ዝናብ ተከተለው፤ ብዙ ወንዞችም በአንድ ጊዜ ሞሉ። እንግዲህ የቦዩን አፍ መክፈት ወንዝን አያቆምም። የሚያቆመው በመንገድ ማዕዘን የሚጠራቀመውን፥ ወደ ምድር ቤት የሚገባውን፥ ሌሊት ረግቶ ሽማግሌ የሚሰብረውን ውሃ ነው። ይህ ጉዳት በጋዜጣ አይጻፍም፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚመጣው እርሱ ነው።

7ኛ. ሚኒሶታና የእኛ ሰዎች

በሚኒሶታ መንታ የሚባሉት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ከተሞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምረው በ10 ዓመት ገደማ የጎርፉን ቱቦ ከቤት ፍሳሽ ቱቦ ለዩ። በዚህም ምክንያት የመንገዱ ውሃ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ሐይቆቹና ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ የቦዩን አፍ ማጽዳት በዚያ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሰፈሩን ከጎርፍ ያድናል፤ ቅጠሉና ጨውም ወደ ወንዝ እንዳይገባ ይከላከላል። በ2010ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር አንድ ልማድ ተስፋፋ። አንድ ቤተ ሰብ በአቅራቢያው ያለውን የቦይ አፍ እንደ ጉዲፈቻ ልጅ ይቀበላል፤ ስሙን ያስመዘግባል፤ ለቦዩም ስም ያወጣለታል፤ በየጊዜውም ያጸዳዋል። በሴንት ፖል የሚገኘው የሃምሊን ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ ካስተባበሩት አንዱ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሚኒሶታና በኮሎራዶ፥ በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አመዳይን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ ሳያይ ያደገ ሰው በመጀመሪያው ዓመት አካፋ ገዝቶ ደጁን ሲጠርግ፥ ከተጠረገው በታች ፍርግርግ መኖሩን የሚነግረው ላይኖር ይችላል። በዋሪንግ ጊዜ በታችኛው ምሥራቅ ሰፈር የነበሩት ስደተኞችም እንዲሁ ነበሩ፤ ለእነርሱ የነገራቸው ልጃቸው ነው። ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መጻፍ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የቦዩ አፍ የት እንዳለ አመዳይ ከመውረዱ በፊት፥ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ማየትና ምልክት ማድረግ ነው፤ አንድ ሜትር አመዳይ ከወረደ በኋላ መፈለግ ድካም ብቻ ነውና። ቅጠሉን ጠርጎ ማንሣት ይገባል እንጂ በፍርግርጉ መካከል ወደ ታች መግፋት አይገባም፤ ከታች ያለውን ጉድጓድ ይሞላዋልና። አመዳይ ሲወርድ ከደጅ የተጠረገውን ወደ ግቢ መጣል ይገባል እንጂ ወደ መንገዱ ጠርዝ መጣል አይገባም። ሙቀት እንደሚመጣ ሲነገር በፍርግርጉ ላይ ያለውን መቆፈር፥ ከዚያም በጠርዙ ግራና ቀኝ የአካፋ ስፋት ያላት መንገድ ለውሃው መክፈት ነው። ውሃው የሚመጣው በጠርዙ ስለ ሆነ፥ ፍርግርጉ ብቻውን ቢከፈት መንገድ የሌለው በር ይሆናል። ፍርግርጉን አንሥቶ ወደ ጉድጓዱ መግባት አደገኛ ነው፤ ከታች ያለው ቱቦ ራሱ ረግቶ ከሆነ ሥራው የማዘጋጃ ቤቱ ነውና ማስታወቅ ይበቃል። በሚቆፍሩበት ጊዜም ከመኪና መጠንቀቅ፥ ከመንገዱ ሆኖ ሳይሆን ከእግረኛው ወገን ሆኖ መሥራት ይሻላል።

8ኛ. ስለ ተቃውሞው

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው? ቱቦው የመንግሥት ከሆነ አፉም የመንግሥት ነው ሊል ይችላል። አነጋገሩ ፍትሕ ያለበት ነው። በእርግጥም ሰፈርተኛው አካፋ አለውና እያለ ማዘጋጃ ቤት ጉድጓዱን ሳያስጠርግ ቢተው፥ ወይም የሀብታሙን ሰፈር ጠርጎ የድኻውን ቢያስቀር ሊወቀስ ይገባዋል። ሽማግሌና በሽተኛ፥ ሌሊት የሚሠራና ልጅ የምታሳድግ ብቸኛ ሴት አካፋ እንዲይዙ ማስገደድም ግፍ ይሆናል።

ነገር ግን የውሃው ጠባይ ይህን ክርክር አይጠብቅም። ውሃው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በሁለት ቀን ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ሊሞላ የሚችል በአካባቢው ያለ ሰው ብቻ ነው። አባቶቻችን በደቦ ሲያርሱና ሲያጭዱ የአንዱን ማሳ የሌላው ጉልበት እንደሚያተርፈው ሁሉ፥ በአንድ መንገድ ላይ ያለ አንድ ጎልማሳ የአሥር ቤት ምድር ቤት ሊያድን ይችላል። ከዋሪንግ ሥራ የምንማረውም ይህን ነው፤ እርሱ ልጆቹን ሲያደራጅ ጠራጊዎቹን አላሰናበተም። መንግሥት ግዴታውን ሳይተው ሰፈርተኛው ዓይንና እጅ ጨመረለት።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ በአጭሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በ1850ዎቹ መሐንዲሶች ቱቦውን ሠሩ። ከ1862 ጀምሮ ማረሻ መንገዱን ከፈተ፤ በዚያው የቦዩን አፍ ሸፈነ። በ1888 ብሩክሊን ቱቦ እያላት ተጥለቀለቀች። ከ1895 እስከ 1897 ዋሪንግ መጥረጊያንና ሰፈርተኛን አገናኝቶ መንገዱን አሳየ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ማረሻውን አበዛ፤ የቦዩን አፍ የሚጠብቀውን ሰው ግን ዛሬም እየፈለገ ነው።

አዲስ አበባ አመዳይ አታውቅም፤ የቦይ አፍ ግን ታውቃለች። በደረቁ ወራት አፈርና ላስቲክ፥ የውሃ ጠርሙስና የጫት ገረባ በየቦዩ ይከማቻል፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ የተከማቸውን ሁሉ አንድ ላይ ይገናኘዋል። በእነርሱ አገር አመዳይ የሚሠራውን ግድብ በእኛ አገር የሠራነው እኛው ነን። የእነርሱን የመጸው ቅጠልና የእኛን የግንቦት ጥራጊ ያየ ሰው፥ ጎርፍ ከሰማይ ከመውረዱ በፊት በመንገድ ዳር ሲዘጋጅ እንደሚሰነብት ያውቃል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ስለ ከተማ ሲመረምር፥ ቱቦውን ማን ቀበረው ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ አፉንስ ማን ከፍቶ ይጠብቀው ነበር ብሎ ይጠይቅ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የአንድ ሕዝብ ኑሮ በእውነት ምን ይመስል እንደ ነበር ይገልጻልና።